ፓቭላክ የሚወደው ውድቀት

አሜሪካ፣ ጌሪ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው «ሀስል» ይላል፣ መልፋት ለማለት። እናቴ ቀን የሆስፒታል ወለል ወልውላ፣ ማታ የሰው ልጅ ጠብቃ ስትመጣ ሀስል ነው። አጎቴ ለሞንት ፎርጅድ ጫማ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ እያወጣ «ኦሪጅናል ነው፣ ልጆቼን ይንሳኝ» ብሎ ሲሸጥ እሱም ሀስል ነው። ልጅ ደግሞ የለውም። ለቅርጫት ኳስ አሰልጣኛችን ለፓቭላክ ግን ሀስል ማለት መሬት ላይ መዘርጋት ነው። ነጥብ አገባህ አላገባህ ግድ የለውም። ጉልበትህ ካልተላጠ አልለፋህም።

እኔ ኳስ አልችልም። ግን ቅዳሜ ለዋንጫው ሰፈሩ በሙሉ ስለሚመጣ ከአምስቱ አንዱ ሆኜ መግባት አማረኝ። ቦታው የዴሾን ነው። ዴሾን ሳያልበው ነው የሚያገባው፤ ጉዱም እሱ ነው።

ልምምድ ላይ መውደቅ ጀመርኩ። የቆመ ኳስ ላይ ሁሉ እወድቃለሁ። እረፍት ስንወጣ ሽንት ቤት ገብቼ ማልያዬን ውሃ እነክራለሁ።

«ሬጂን እዩት፣ ላቡ ይንጠባጠባል» ይላል ፓቭላክ። «አንተ ዴሾን፣ ሽርሽር ነው የመጣኸው?»

«ኮች፣ ሃያ ነጥብ አገባሁ እኮ።»

«ደረቅ ሆነህ።»

ቅዳሜ እኔ ገባሁ፣ ዴሾን ቤንች ተቀመጠ።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየመራን ነው። ኳሱ የአንዱን ተጋጣሚ ልጅ እጅ መትቶ እኛ በምንከላከለው ቅርጫት በኩል ወደ ውጪ መሄድ ጀመረ። ዝም ብንለው ከወጣ የኛ ነው፣ ዋንጫውም የኛ ነው።

«ተወው ሬጂ፣ ይውጣ» አለኝ ዴሾን ከቤንች።

ፓቭላክ እያየኝ እንዴት ልተወው? ተወረወርኩ። አየር ላይ እንዳለሁ ኳሱን ይዤ ወደ ሜዳ መለስኩትና ፊት ወንበር የተቀመጡ አሮጊቶች ጭን ላይ አረፍኩ። ኳሱ ቅርጫታችን ስር የቆመው የነሱ ቀውላላ እጅ ገባ። እጁን ማንሳት ብቻ ነበር የቀረው፣ አነሳና አገባ። ፊሽካ ተነፋ።

ሰው ሁሉ ወደ ፓቭላክ ዞረ። መሬት የወደቀ ልጅ አልቆጣም እያለ ያረጀ ሰው ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከዛ ማጨብጨብ ጀመረ።

«ይሄ ነው ሀስል» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ኮች፣ በሱ ምክንያት ተሸነፍን እኮ» አለ ዴሾን።

«አንተ ዝም በል። ማልያህ እንኳን አልረጠበም።»

ዴሾን በሳምንቱ ዋንጫውን ለበሉት ልጆች ፈረመ። እኔን ፓቭላክ አምበል አደረገኝ። ምን ልበል፣ እምቢ ልበል?