ያልተተኮሰችው ኖት

ይህ ታሪክ ከሥር እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ተጨምራበት ከሆነ የተራኪው ምላስ ይታሰር።

ልብስ ሰፊው «ጋሽ ቀጤ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። እሱ የተኮሰውን ሱሪ የለበሰ ሰው በራሱ እግር አይሄድም፤ ሱሪው ነው የሚወስደው። ልቡ ግን ጨርቅ ላይ አልነበረም። ድሮ የተዘጋ የግል ባንክ ያሳተማት አንዲት የብር ኖት ነበረችው፤ ከአባቱ የወረሳት፣ አራት ቦታ የታጠፈች። ባለባንኩ ማኅተም አስመትቶ አልተገላገለም፤ እያንዳንዷን ኖት በገዛ እጁ ፈርሟል። የፊርማው ቀለም እስከ ዛሬ እርጥብ ከመሆኑ የተነሳ አንድ ዝንብ አርፎበት እግሩ ሰማያዊ ሆኖ ተነሥቷል።

የኖት ሰብሳቢዎች ማኅበር ደግሞ የኖት ዋጋ የምትመረምረው ገማቿ ኖቱን ያላሳለፈችለትን ሰው አባል አያደርግም። ጋሽ ቀጤ ከነዚያ ሰዎች ጋር ለመቀመጥ ያልተሳለው ስለት የለም።

ከገማቿ ጋር የያዘው ቀጠሮ ሲደርስ ካውያው ጋለ። እጥፋቷ ዓይኑን ወጋው። ኖት ከተተኮሰች ግን በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው ህትመቷ ይተኛል፤ ለሰብሳቢ ሞተች ማለት ነው። እጁ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ላቡ ወለሉን አጥቦ ጎረቤት ድረስ ወረደ። በመጨረሻ ካውያውን መልሶ አስቀመጠው።

ገማቿ ሰላም ያላትን ሰው ዕድሜ ከግንባሩ ላይ የምታነብ ሴት ናት። ኖቷን ወደ መስኮቱ አንሥታ በጣቷ ዳሰሰቻት።

«ጋሼ፣ በካውያ አልነኳትም?»

«እትዬ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም።»

«ደግ አደረጉ። እጥፋቷ ዕድሜዋ ነው። እንዲህ ያለች ኖት በእጄ ገብታ አታውቅም።»

ማኅበሩ በሙሉ ብድግ አለ። ሊቀመንበሩ የራሱን ወንበር ለቀቀለት።

ጋሽ ቀጤ ይህን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ለደንበኞች ሲተርክ፣ ሚስቱ ጥግ ይዛ ቁልፍ ትተክል ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ተኩሷታል» አለች ቀስ ብላ። «ሴትየዋም ገና ስትነካት ነው ያወቀችው። ወንበር የለቀቀለትም የለም፤ በር ላይ እንደቆመ ‹ለማኅበሩ አትሆንም› ብላ መለሰችለት። ይኸው ከአልጋችን ፊት ለፊት ሰቅሏታል። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ እኔን ቀጥሎ።»