የስድስት ወሩ ቀጠሮ

ኔብራስካ ውስጥ ባለችው በዚያች የማኅበረሰብ ኮሌጅ የጥርስ ንጽህና የሚማር ሰው በፈተናው ቀን ጥርሱ የቆሸሸ ሰው ይዞ ካልመጣ ወደቀ ማለት ነው። ዶሪን ሃልቨርሰን አንዴ ወድቃለች፤ ሦስተኛ ዕድል ደግሞ የለም። የሥጋ ፋብሪካው ተዘግቶ ከሥራ ከወጣች ወዲህ፣ በዚህ ዕድሜዋ ከልጆች እኩል ደብተር ይዛ የተቀመጠችው ለዚህችው ዲግሪ ብላ ነው።

በፈተናው ቀን ጠዋት፣ ጥርሱን ልታጸዳለት የቀጠረችው የባሏ ወንድም ቨርን ደወለ። «መኪናዬ አልነሳም አለች። ይኼ በረዶ ጨረሳት።»

«ድሮስ አንተን አምኜ» አለችና ዘጋችው።

ወደ ኮሌጁ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ብትወጣ አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ካፖርቱ ላይ በረዶ የለም።

«ሰው ቀረብሽ መሰለኝ» አላት። «እኔ እንደሆንኩ ጊዜ ሞልቶኛል። ጥርሴንም ያየው ከሌለ ቆይቷል።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ስሙን እንኳ በቅጡ ሳትሰማ አስገባችው።

መስታወቷን አፉ ውስጥ ከተተች። ያችን መስታወት የማንም ትንፋሽ ያደበዝዛታል፤ ተማሪው ሲወለውላት ነው የሚውለው። አሁን ግን ጥርት እንዳለች ቀረች። ዶሪን ጠበቀች። ምንም የለም።

ፈታኟ ሚስስ ፕሬንቲስ ከኋላዋ ቆማለች። ዶሪን አንድ ቃል ብትናገር ፈተናው ይቆማል፣ ዲግሪውም አብሮ ይቀራል። ሰውየውን ፈራችው፤ መውደቁን ግን የባሰ ፈራችው። ጥርሱን መፋቅ ጀመረች።

«እጅሽ እንዴት ይሞቃል» አላት አፉን ስታሳርፈው። «እኔ ዘንድ እንዲህ የሚሞቅ ነገር የለም።»

«ይክፈቱልኝ» አለች ቀስ ብላ።

ሲያልቅ ፈታኟ ጥርሱን በሹል መመርመሪያዋ ዳሰሰችና «ጎበዝ። የቀረሽ ቀጠሮው ነው» አለች። ቀጠሮ ሳይሰጡ በሽተኛ መሸኘት ነጥብ ያስቀንሳል፤ የምትባለዋንም ቃል ተማሪው ሁሉ በቃሉ ያውቃታል።

«በስድስት ወር እንገናኛለን» አለች ዶሪን።

ሽማግሌው ደስ አለው። «እዚህ ነው ወይስ እኔ ዘንድ?»

ሚስስ ፕሬንቲስ ከወረቀቷ ቀና አለች። በሽተኛን በትሕትና ማስተናገድም ነጥብ አለው።

«እርስዎ እንደተመቸዎት።»

«እንግዲያው እኔ ዘንድ ይሁን» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

«አልፈሻል» አለቻት ፈታኟ።

ዶሪን መስታወቷን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችባት። ደበዘዘችላት። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች ወሩን ቆጠረች፤ ምርቃቱ ግንቦት ነው፣ ቀጠሮው ሰኔ።