ያልታየው ግራ ጎን

ካባው ተሰፍቶ አልቋል።

እናትየው የልጇን ክፍል የከፈተችው ለእንግዶች ወንበር ልታወጣ ነበር። ወንበሩን በአንድ እጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለው ጥቁር ሰማያዊ ካባ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስፒል ብቻ ተያይዞ የኖረው ግራ ጎኑ፣ ዛሬ በወጉ ተገጥሟል። ስፌቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋትም። እንዲህ ጥቅጥቅ አድርጋ የምትሰፋ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ በስፌት ቤቷ ሃያ ዓመት አብራት የሠራችው ቆራጯ።

ልጇ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎን ውስጥ ሻይ ይቀዳል፣ ወሬው ደግሞ ከሻይ ቶሎ ይዳረሳል።

«ምስኪን፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት እኮ የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር የሚጠብቀው» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

«ታዲያ መጣለት?»

«የት አባቱ ይመጣል!»

እናትየው ወንበሩን አምጥታ ጎረቤቷ ፊት ዘጭ አደረገችው።

«ገና ነው» አለቻት። «ይመጣል።»

ሴትዮዋ ሻይዋን ፉት ብላ ወደ መሬት አየች።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ልጁ የስፌት ቤቱን በር በእግሩ ገፍቶ ሲገባ እናትየው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። «እማ፣ ይሄን እዪልኝ» ብሎ ስልኩን አፍንጫዋ ስር ደቀነባት። የአዲስ ጨዋታ ማስታወቂያ ፊልም ነው፤ ሃምሳ ሰከንድ አይሞላም። ጭጋግ የዋጠው ተራራ አለ፤ ካባ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ወደ ቀኝ ዞር ይላል፤ ከዚያ «የጨው ግንብ» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ያልቃል።

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«አልተናገሩም። ገና መሥራት መጀመራቸው ነው።»

«ያልተሰፋ ልብስ ደንበኛ ፊት ያወጣሉ እንዴ?»

ልጁ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ አስረዳት። ጨዋታው ውስጥ ሰው የፈለገውን ሆኖ ይገባል፤ ዘንዶ አለ፣ አስማት አለ፣ የመረጥሽው ሁሉ የአገሩን ዕጣ ይለውጣል። «አንቺ ከፈለግሽ ልብስ ሰፊ ሆነሽ መኖር ትችያለሽ» አላት።

«እዚህም ልብስ ሰፊ፣ እዚያም ልብስ ሰፊ? ዘንዶውን ስጠኝ።»

ግን ዓይኗ ካባው ላይ ቀርቷል። «ይሄን የሣለው ሰው መርፌ ይዞ አያውቅም። ትከሻው ላይ መያዣ የለውም፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይወልቅበታል።»

«እንግዲያው እኛ እናሳያቸዋ» አለ ልጁ።

ፊልሙን እያቆሙ እጥፋቱን ቆጠሩ፣ በጠመኔ ሣሉ፣ ቀኝ ጎኑንና ጀርባውን በሳምንት ጨረሱ። ግራው ላይ ሲደርሱ ተገተሩ። ሰውዬው አንዴም ወደ ግራ አልዞረም።

«ምን ያስጨንቃችኋል? ቀኙን ገልብጬ ልቁረጠው» አለች ቆራጯ።

ልጁ እምቢ አለ። «ማሰሪያው ቀኙ ላይ የለም። ስለዚህ ግራው ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ጨዋታው ሲወጣ እናየዋለን። ሳይለካ አይዘጋም።»

ይህ የእናትየው የራሷ ሕግ ነው። ደንበኛ ለብሶ ሳይለካ የመጨረሻው ስፌት አይዘጋም፤ ሙሽራ ደጅ ቆማ ብታለቅስም አይዘጋም። እሷው ያስተማረችውን መልሶ ሲነግራት ምን ትበል? ግራው ጎን በስፒል ተያዘ። ጨዋታው «በሚቀጥለው ዓመት» ተባለ፤ እንደገና «በሚቀጥለው ዓመት» ተባለ፤ ከዚያ ጭራሽ ዝም ተባለ። የስፌት ቤቱ ሰዎች ልጁን «አቶ ይመጣል» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እሱም «አቤት» ይላል።

ሕመም ጨዋታውን ቀደመው። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኖ «እማ፣ ሳይመጣ ብሄድ አደራ እንዳትዘጊው» አላት።

«አትሂዳ ታዲያ» ብላ ተቆጣችው። መቆጣቷ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

እናትየው ካባውን ከመስቀያው አውርዳ ሳሎን ይዛው ወጣች። ቆራጯ ስታያት የሻዩን ፔርሙስ አስቀመጠች።

«ምነው? ምነው እኔን ሳትጠይቂ?»

«ጠዋት የልጅሽ ስልክ ላይ መልእክት ገባ» አለች ቆራጯ፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው። «ጨዋታውን ሁለት ዓመት አራዘሙት። አንቺ ይሄንንም እንዳታዪ ብዬ... አላስቻለኝም።»

«እኔ ነኝ ስፊው ያልኳት» አለ የእናትየው ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው ርዕሰ መምህር። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ተዘግቶ ለቴያትር ቤት ይሰጥና ይውጣልሽ። እንዲያ ተንጠልጥሎ እያየሽው እንዴት ትጽናኛለሽ? ልጁ እንደሆነ ዕድሜውን በመጠበቅ ጨረሰው።»

«ጋሼ፣ የለበስከውን ኮት ማን ሰፋልህ?»

ወንድሟ ሳያስበው ኮቱን ዳሰሰ።

«እሱ ነው። ገበሩን ሁለቴ ፈቶ የገጠመልህ እሱ ነው። ልጄ እየሠራ ነው የጠበቀው። እየሳቀ ነው የጠበቀው። አንተ ጡረታህን ሠላሳ ዓመት ስትጠብቅ ማን ሳቀብህ?»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ሁለት ዓመት አሉ?» አለች እናትየው። «ጊዜያቸውን ይውሰዱ። በጥድፊያ የተሰፋ ነገር እኔም አልወድም። ሲመጣ ጨዋታውን ተቀምጬ እማራለሁ፤ ያን ሰውዬ ወደ ግራ አዞረዋለሁ። እስከዚያ ይሄ ካባ አይዘጋም። የሚያሳፍረው ካለ በሩ ክፍት ነው።»

ማንም አልተነሳም። እሷ ግን ባመጣችው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጇ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም ነበር።

ሲወጣላት ፊቷን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ካባውን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ምላጭ ጠየቀች። ቆራጯ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት፤ አጠገቧ በርከክ ብላም ክሩ ጎልቶ እንዲታይ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጠረችላት። እናትየው አንድ በአንድ ፈታችው። የገዛ ስፌቷ ሲፈታ ቆራጯ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ ጠዋት የነቀለቻቸውን ስፒሎች ከኮሌታዋ ስር እያወጣች አቀበለቻት፤ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ።

እናትየው ካባውን መልሳ መስኮቱ አጠገብ ሰቀለችው። የልጇ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሳችው፤ ባትሪው ሙሉ ነው።

ቢሆንም ቻርጅ ላይ ሰካችው።