የሦስት ቁልፍ ሣጥን

«የላስታ ንብ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል» አለ ጋሻዬ፣ ፊቱን እንደ ንስሐ አባት ኮስተር አድርጎ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አበባ አይቀምስም። ማራችን የነጣው በጾም ብዛት ነው።»

ከአዲስ አበባ በከረባት የመጣው አስተርጓሚ ሀብተ ሥላሴ ላቡን ጠረገ። «ይሄንንም ልተርጉም?»

«አንዲት ቃል እንዳታስቀር።»

ሚስተር ቫልተር ትርጉሙን ሰምቶ በደብተሩ ጻፈ። ቫልተር የአንድ የባሕር ማዶ የማር ኩባንያ ገዥ ነው። የመንግሥት ፈቃድ ይዞ በትንሿ አውሮፕላን ላሊበላ ድረስ የመጣው፣ ከንብ አርቢዎቹ ማኅበር ጋር ነጭ ማር ለመዋዋል ነው። አውሮፕላኗ ስምንት ሰዓት ላይ ትነሣለች። አሁን ስድስት ሆኗል።

ጋሻዬ የሚቀጥፈው ወዶ አይደለም። ወዶም ነው፤ ዛሬ ግን ምክንያት አለው። የማኅበሩ ማኅተም የሚቀመጥበት ሣጥን ሦስት ቁልፍ ነው ያለው። ማኅበሩ ሲመሠረት ሽማግሌዎቹ፣ የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት በሦስት ሰው ቁልፍ እንደሚከፈት ሁሉ፣ ይሄም እንዲያው ይሁን ብለው አሠሩት። የወረዳው ካድሬ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ሲጠይቅ ጋሻዬ «ከሞስኮ ነው» አለው፤ ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ አጸደቀ።

አንዱ ቁልፍ በሊቀመንበሩ በአድማሴ እጅ ነው፤ አንዱ በጸሐፊው በጋሻዬ፣ ሦስተኛው በቁጥጥር ኮሚቴዋ በየሺሃረግ። የሺሃረግ ደግሞ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዳ ቀርታለች። ከትናንት ወዲያ ሰው ተልኮባታል። እስክትመጣ ፈረንጁን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ወሬ ብቻ ነው።

«ድንጋይ ይምጣና ይሰበር» አለ አድማሴ በጋሻዬ ጆሮ። «ላስታ ድንጋይ አጥቶ አያውቅም።»

«አያ አድማሴ፣ እዚህ አገር ድንጋይ ሲፈለፈል እንጂ ሣጥን ሲሰበርበት አላየንም።»

«አንተ ቀልድ። ይሄ ሰው ከሄደ፣ ማራችንን ነጋዴ ባሻው ዋጋ ሲወስድብን ልንኖር ነው።»

ጋሻዬ ወደ ደጅ ተመለከተ። ደጅ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት አባላት ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ብዙዎቹ ከዚህ ማር ሌላ የሚሸጥ የላቸውም።

ቫልተር ወደ ሣጥኑ እያመለከተ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሀብተ ሥላሴ ጎንበስ አለ። «በእኛ ኩባንያ አንድ ሥራ አስኪያጅ ይፈርማል፣ ሥራው ይሮጣል፤ ሦስት ቁልፍ ለምን? ይላል።»

«ብቻውን ቀፎ የሞላ ንብ አላየንም በለው።»

ይሄኔ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። የየሺሃረግ ታናሽ እህት ወለተ ሐና፣ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳ ገባች። ከነጠላዋ ጫፍ ቁልፉን ፈታች። «እህቴ በሽተኛ ትታ መምጣት አልሆነላትም። ለጋሻዬ ስጪው አለችኝ።»

«ለጋሻዬ?» አለ አድማሴ። «ለዚህ ቀጣፊ?»

«እኔም እንዲያው ብያት ነበር። ‹በንብና በጅብ ይዋሽ፤ በሰው ሀብት ሲዋሽ አልሰማሁም› አለች። ደግሞ ከመክፈቱ በፊት የውሉን ወረቀት ለሁሉም ያንብብ ብላለች።»

ደጅ ያሉት ሳቁ። የጋሻዬ ጆሮ ግን ጋለ። እስከ ዛሬ በቅሎ እንኳ ያዋሰው ሰው የለም።

ቁልፉን ተቀብሎ፣ ውሉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል ነው የተወው፤ እሱ ፊደል ባይፈራም፣ ፊደሉ ቶሎ አይታዘዝለትም። አንደኛው አንቀጽ ዋጋው የገበያው እጥፍ ነው ሲል ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛው ለዐሥር ዓመት ለሌላ ሰው አንዲት እንስራ እንዳይሸጥ ይላል። ሦስተኛው፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ዋጋውንም ደረጃውንም የሚወስነው ኩባንያው ብቻ ነው።

«እስቲ ድገመው» አሉ ሽማግሌው ከፋለ። «የማሬን ዋጋ ማነው የሚቆርጠው?»

«ኩባንያው።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ንቡን ይጠብቃሉ፣ አባባ።»

ወደ አራተኛው ሲያልፍ ዓይኑ ቀድሞት ሄደና ቆመ። በታይፕ፣ በጥሩ ፊደል፣ የገዛ ስሙ ተጽፏል። የማኅበሩ ጸሐፊ ጋሻዬ የኩባንያው ወኪል ሆኖ፣ የወር ደመወዝና ሞተር ሳይክል ተሰጥቶት፣ ጉባኤ ሳይጠራ በማኅበሩ ስም ብቻውን ይፈርማል። ቫልተር ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀለት። ሀብተ ሥላሴ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ጋሻዬ በሕይወቱ በሬ እንኳ በስሙ ኖሮት አያውቅም። ገጹን ቢገለብጠው ከደጅ ካሉት ማንም አያውቅበትም።

አነበበው። «ሞተር ሳይክል» ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነ። ከኋላ ያሉት አልሰማንም ሲሉት ደግሞ አነበበላቸው።

አድማሴ ነው ቀስ ብሎ፣ «ቁልፉ ሁለት፣ ስሙ ያንተ። እኔም የኔን አልከለክልህም። ምን ቀረህ?» ያለው።

ጋሻዬ ሁለቱን ቁልፎች በመዳፉ ላይ አያቸው።

«ጓድ አስተርጓሚ፣ እንዲህ በልልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ይሰበሰባል። አራተኛው ይውጣ። ዋጋው በየዓመቱ አብረን ተቀምጠን ይቆረጥ። ዐሥሩም ዓመት ሁለት ይሁን። ያኔ ሦስቱም ቁልፍ ይዞራል።»

ቫልተር ሰዓቱን እያየ መለሰ። «አውሮፕላኑ አይጠብቀኝም ይላል» አለ ሀብተ ሥላሴ።

«ይሂዳ። ማሩ እዚሁ ነው።»

ፈረንጁ ደብተሩን ዘጋ። ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነሥቶ ቁልቁል ወረደ፤ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አልነበረም። አባላቱ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። አባ ከፋለ በጋሻዬ አጠገብ ሲያልፉ ትከሻውን መታ አደረጉት፤ ቀና ብለው ነበር የሚራመዱት።

«በል እስከ እሑድ የየሺንም ቁልፍ አንተው ያዘው» አለ አድማሴ። «ያን ሁሉ ዳገት ማን ይመላለሳል?»

ጋሻዬ ወለተ ሐናን ጠራት። የነጠላዋን ጫፍ ያዘና ቁልፉን መልሶ አጥብቆ ቋጠረላት።

«ለእህትሽ ስጪያት» አላት። «ሁለት ቁልፍ በአንድ ኪስ አያድርም።»