መርዶ ሁለት ጊዜ የማይነገርበት አገር

ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ ከእጄ ያመለጠ ስህተት በጣት የሚቆጠር ነበር። ይህን የምናገረው ለመመካት ብዬ አይደለም፤ ኋላ ያጠፋሁትን ጥፋት ከየት እንዳመጣሁት አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው። ሰው ተሳስቶ ሲናገር ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ሠርግ ቤት ሙሽራውን የሚመርቅ ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት ቢያዛባ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አርማለሁ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ "ንጋቱ፣ አንተ እኮ ቀብር ሄደህ ሐውልት ላይ የተጻፈውን ሳታርም አትመለስም" ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ የመረጠኝም በዚሁ ጠባዬ ነው። አንደበቴ ስለማይርድ፣ ዘመድ ለሞተበት ሰው ማልደን መርዶ ለመንገር ስንሄድ ሽማግሌዎቹ እኔን ከፊት ያስቀድሙኛል።

ያን እሑድ ከእድሩ ስብሰባ ስንወጣ ሰብሳቢያችን አቶ መንበሩ በር ላይ ያዙኝና፣ "እትዬ አሰገደች እንዴት ናቸው? ከታዩ ሰነበቱ" አሉኝ።

"ደህና ናት፣ ተመስገን" አልኳቸው።

እናቴ ደህና አልነበረችም። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የመርሳት በሽታ ይዟታል። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጠችበትን ረሳች፣ ቀጥላ የጎረቤቶቿን ስም፣ ከዚያ የእኔን። የማትረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ባሏን መጠበቅ። አባቴ አቶ አጥናፉ በከባድ መኪና ወደ አሰብ የሚመላለስ ሹፌር ነበር፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እሷ ግን በየአመሻሹ የእግር ውኃውን ምድጃ ላይ ትጥድና፣ ነጠላዋን ለብሳ ልትቀበለው ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። ባለፈው ሐሙስ ውኃው ተንኖ አልቆ ማንቆርቆሪያው ቀለጠ፣ መጋረጃው ተያያዘ፤ እሷን ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ከመኪና መሐል አውጥቶ አመጣልኝ። ይህን ሁሉ ለሰው አልተናገርኩም። እርግማን ነው፣ ዛር ነው የሚለው ወሬ ደጄ ላይ እንዳይቆም ፈርቼ ከቤተ ክርስቲያንም ከለቅሶም አስቀረኋት።

ከሁሉ የሚብሰው ጥያቄዋ ነበር። "አባትህ ገና አልመጣም?" ትለኛለች። እኔ አራሚው፣ "እማዬ፣ አባባ ሞቷል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው" እላታለሁ። ያን ጊዜ ገና ዛሬ እንደ ሰማች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያለቀሰችበትን ትረሳዋለች፤ እንባዋ ግን አይደርቅም። በማግስቱ ትጠይቀኛለች፣ እኔም አርማታለሁ። እውነት መድኃኒት ነው ብዬ አምን ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት አመሻሽ፣ ከእድር ስመለስ የገዛሁትን ጓጉንቸር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወንበሬ ላይ ተዘረጋሁ። ከነገ ጀምሮ በወጣሁ ቁጥር በሩን ከውጭ ልቆልፍባት ቆርጫለሁ። የወለደችኝን እናት እንደ ዶሮ ልዘጋባት ነው፤ ሌላ መንገድ ግን አልታየኝም። እሷ በጓዳ በኩል የማላውቀውን ዜማ ታንጎራጉራለች። በዚህ መሐል ድካም ሰውነቴን አሸነፈውና እንቅልፍ ጣለኝ።

ወዲያውም ከማላውቀው ከተማ መግቢያ ላይ ቆሜ ነበር። ጎዳናው ሰፊና የተጠረገ፣ ግራ ቀኙን ዋርካና ወይራ ያጠላበት፣ በየሃምሳ እርምጃው መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር የተዘረጋበት ነው። እጅግ ያስገረመኝ የቤቶቹ በር ነው፤ ቁጥር የለውም፣ በምትኩ በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ሥዕል ተሥሎበታል፤ በአንዱ የስፌት መኪና፣ በሌላው ቀይ በቅሎ፣ በሦስተኛው የሚያብብ ኮክ። ይህ ሁሉ ለምን ይሆን እያልኩ ስመለከት፣ ከፊቴ ካለው ግቢ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰውም ተሰብስቦ አየሁ።

የእድር ሰው ነኝና ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ ፊቴን አጠቆርኩ፣ "ወንድሜ፣ ወንድሜ" እያልኩ ጎንበስ ብዬ እያለቀስኩ ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከመሐል አንድ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ ሽማግሌ ተነሥተው ክንዴን ያዙና ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ እያደረጉ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። ማን ሞቶብህ ነው?" አሉኝ። ዘወር ብዬ ብመለከት ሰዎቹ ሳቃቸውን አፍነው ይዘዋል፤ ለካ ድንኳኑ የተተከለው ለራሳቸው ለሽማግሌው ኖሯል።

በዚህ ጊዜ አንዲት ረጅም ባልቴት፣ የእድር ጡሩምባ በትከሻቸው ያንጠለጠሉ፣ እጄን ይዘው አወጡኝ።

"ሙሉጎጃም እባላለሁ፤ የዚህ አገር እድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ" አሉኝ። "ድንኳኑን ቢጫ ያስነከርነው እንዳንተ ያለው እንዳይሳሳት ብለን ነበር። ቀና ብለህ ብታይ ምን ነበረበት?"

"እትዬ፣ በቁም ላለ ሰው ድንኳን ይተከላል እንዴ?" አልኳቸው።

"እናንተ መቼ ነው የምትተክሉት?"

"ሲሞት ነዋ።"

"ሲሞትማ ምን ያደርግለታል?" አሉና ሳቁ። "እኛም እንደናንተ ነበርን። ሰው መርሳት ሲጀምር ቤተሰቡ በሩን ይዘጋል፤ እኛ ደጁን የምንረግጠው ሬሳ ሲወጣ ነው። ለሦስት ቀን ለቅሶ ወንበርና ድስት ተሸክመን የምንሮጥ ሰዎች፣ ለስምንት ዓመት ማስታመም ማንም ዝር አይልም ነበር። አንድ ቀን አፈርን። ዛሬ ሰው መርሳት ሲጀምር ጡሩምባ እነፋለሁ፤ 'እገሌ እየረሱ ነውና ተራችሁን ያዙ' ብዬ እለፍፋለሁ። ተራው ደርሶ የቀረ ሰው፣ ቀብር እንደቀረ ሰው ነው የሚታየው።"

ወደ ሽማግሌው ቤትም አስገብተው አንድ ክፍል በትንሹ ከፈት አድርገው አሳዩኝ። አንዲት ሴት በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። በክፍሉ ደጃፍ የሚያልፈው ሁሉ በእግሩ ጣት ይራመዳል፤ አንድ ጎልማሳ ቢያስነጥሰው ራሱን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ውጭ ሮጠ።

"የሽማግሌው ልጅ ናት፤ አስታማሚያቸው" አሉ እትዬ ሙሉጎጃም በሹክሹክታ። "በዚህ አገር የአስታማሚ እንቅልፍ እንደ ቅዳሴ ይከበራል። አንተ መቼ ነው ጥሩ እንቅልፍ የተኛኸው?"



ወደ ጎዳናው ስንመለስ አንዲት እናት ጓዛቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ "በሉ ደህና ሁኑ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ" እያሉ በላዩ የስፌት መኪና ከተሣለበት በር ወጡ። እኔ አስቤው የነበረው "ቤትዎ እኮ ይኸው ነው" የሚል ሰው እንደሚነሣ ነው። የተነሣ አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው፣ "ቆይ እንሸኝዎት" ብለው እንደ ክቡር እንግዳ ግራ ቀኝ ሆነው ተከተሏቸው። ከዋርካው ሥር አረፍ አሉ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ባለ ሱቁ ወጥቶ ሰላም አላቸው፣ ሰፈሩን በሙሉ ዞሩት። ከዚያ እዚያው የወጡበት በር ላይ ሲደርሱ እናትየው የስፌት መኪናውን ሥዕል በእጃቸው ዳሰሱና፣ "ተመስገን፣ ቤቴ ገባሁ" ብለው ፌስታሉን አስቀመጡ። ሸኚዎቹም "እንኳን ደህና ገቡ" ብለው ተሰነባበቱ።

ሽኝት እኮ እኛም አለን። ሰው ከቤታችን ሲወጣ እስከ መንገዱ ሳንሸኝ መቼ እንመለሳለን? ለእናቴ ግን ያዘጋጀሁት ሽኝት ጓጉንቸር መሆኑ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

"እዚህ አገር የሚቆጣ የለም?" አልኳቸው፤ ነገሩ ሁሉ ከልክ በላይ ያማረ መስሎኝ ነበርና።

"ኧረ ሞልቷል" አሉኝ። ወደ አንድ አግዳሚም ጠቆሙኝ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። አንደኛው አንገቱን ደፍቶ፣ "ዛሬ እናቴ ላይ ጮኽኩ። ጠዋት ያጠብኩላትን ልብስ ሦስት ጊዜ አበላሸችው፤ ምነው በሞተች አልኩ" አለ። ሴትየዋ፣ "እኔ ትናንት ብያለሁ" ብላ ውኃ ቀዳችለት። ማንም አልገሠጸውም። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን ጠረገና፣ "ልሂድ፣ ትጠብቀኛለች" ብሎ ተነሣ። ያን አግዳሚ ከከተማው ጌጥ ሁሉ አብልጬ ወደድኩት።

በመጨረሻ እትዬ ሙሉጎጃም ሽንኩርት ከተሣለበት በር ፊት አቆሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተ መርዶ ነጋሪ ነህ አሉ። ሕጋችንን ስማ። በዚህ አገር ስለ አንድ ሞት ለአንድ ሰው መርዶ የሚነገረው አንድ ጊዜ ነው። የሰማ ሰምቷል፣ አልቅሶ ጨርሷል። ደግሞ የሚነግረው የለም።"

"ሰውየው ረስቶ ቢጠይቅስ?"

"የሚጠይቀው ስለ ሞት መች ነው? ስለ ሰውየው ነው። ስለ ሰውየው መልስለት።"

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ውሸት ማስተማር ነው" አልኩ፤ ጠባዬ በሕልሜም አልተወኝም።

"ግባ እንግዲህ። ውሸት ካገኘህ አርም።"

ገባን። አንድ የድሮ ዳኛ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ ልጃቸውን ይጠይቃሉ። "እናትሽ ከገበያ አልተመለሰችም?"

"ምን ልትገዛ ወጥታ ነው አባዬ?" አለች ልጅቱ፣ ሥራዋን ትታ ከእግራቸው ሥር እየተቀመጠች።

"ሽንኩርት ነዋ። እናትሽ ሽንኩርት ስትገዛ አንድ በአንድ እያገላበጠች ነው፤ ባለ ሱቁ ከሩቅ ሲያያት ይደበቅ ነበር።"

"እርስዎስ አብረው ሲሄዱ?"

"እኔማ የማላውቃት መስዬ ማዶ እቆማለሁ" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ጃንጥላዋ፣ ስለ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ አወሩ። ከዚያ ከዘራቸውን አስቀመጡና፣ "ናፈቀችኝ" አሉ።

"እኔንም አባዬ" አለች። እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች፤ እሳቸውም ጥያቄውን አልደገሙትም።

"ስህተት አገኘህ?" አሉኝ እትዬ ሙሉጎጃም።

"አላገኘሁም።"

"አንተ ለእናትህ ስንት ጊዜ መርዶ ነገርካት?"

ቁጥር አይጠፋኝም። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየአመሻሹ። ሽማግሌ ሳላስከትል፣ "ቁጭ በይ" ሳልል፣ ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ባሏን ገደልኩባት፤ ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ገና ዛሬ የሞተባት ሴት ሆና አለቀሰች። እዚያው ዳኛው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እትዬ ሙሉጎጃም አልከለከሉኝም፤ ጡሩምባቸውን ከትከሻቸው አውርደው እጄ ላይ አኖሩልኝና፣ "በል ተነሥ፣ እየጠራችህ ነው" አሉኝ።

ነቃሁ። ጀምበር ገና አልጠለቀችም። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ የላስቲክ ጫማዋን ግራና ቀኙን አዛብታ ተጫምታ ከፊቴ ቆማለች።

"ሰማህ ወይ? አባትህ ገና አልመጣም?"

ያቺ የለመድኳት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ደረሰች። ዋጥኳት። ሄጄ ምድጃውን አጠፋሁና ተመልሼ፣ "ከአሰብ ሲመጣ ምን ይዞልሽ ይመጣ ነበር እማዬ?" አልኳት።

ፊቷ ተፈታ። "ቴምር። ቴምሩን ከመቀመጫው ሥር ይደብቀውና፣ ረሳሁት ይለኛል። እኔ ደግሞ ያመንኩት እመስላለሁ።" ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳነብ፣ ይህን የቤታችንን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"በል ልውጣ፣ ይመሽበታል" አለች። ጓጉንቸሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱን እዚያው ትቼ፣ "ቆይ ልሸኝሽ" አልኳት።

ክንዷን ይዤ ቀስ እያልን እስከ አስፋልቱ ሄድን። ሁለት ከባድ መኪና አለፈ፣ ሁለቱንም በዓይኗ ሸኘች። ስንመለስ አቶ መንበሩ ከማዶ አይተውን ተሻግረው መጡ፤ የእናቴን ጫማና የእኔን ፊት ተራ በተራ ተመለከቱ። እዚያው መንገድ ላይ፣ ማለዳ መርዶ በምነግርበት በዚያ በማይርደው አንደበቴ ልናገር ብሞክር ራደብኝ።

"አቶ መንበሩ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። እናቴ እየረሳች ነው። ብቻዬን አልቻልኩም። በሚመጣው እሑድ ለእድሩ የምናገረው አለኝ፤ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ።"

ሽማግሌው ብዙ አልጠየቁኝም። በእናቴ ሌላኛው ጎን ዞረው ክንዷን ያዙና፣ "ማክሰኞና ዓርብ ሥራ የለኝም" አሉ።

ደጃችን ስንደርስ እናቴ ቆመች። በሩን አየች፣ ሁለታችንንም አየች፤ ማን እንደሆንን አላወቀችም፤ ግን ለእንግዳ የሚሆነው ፈገግታዋ አልጠፋባትም።

"ደክሟችኋል፤ ግቡ እንጂ" አለችን። "ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፤ ሳያያችሁ ብትሄዱ ይቆጣል።"

አቶ መንበሩ ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። በእድሩ ውስጥ አራሚነቴን የማያውቅ የለምና፣ የምለውን ይጠብቁ ነበር።

"እንገባለን እማማ" አልኳት። "እስኪመጣ ስለ እሱ ያጫውቱናል።"