አለሁ ከንቲባ ሆኖ

ታላቅ ወንድሜ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። በከተማችን መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ባሌም የእሱ ተማሪ ነበር። ተማሪው ሲደናገጥ እሱ በራሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጥ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ "አይዞህ፣ አለሁ" ይላል። ከዚያ የተነሳ ትልቅ ትንሹ "አለሁ" እያለ ይጠራው ነበር። እኔ ግን ጋሼ ነበር የምለው።

እኔ በከተማው ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ከዋናው ከተማ የጭነት መኪኖች መጡና አልጋዎቹን ይጭኑ ጀመር። ሆስፒታሉ ተዘግቶ ዕቃው ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው፤ ማንም የነገረን የለም። ወሬው ገበያው ውስጥ ሲገባ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የተሾመብን ከንቲባ በጓሮ በር ሾልኮ ጠፋ። ሰው ተሰብስቦ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ሲተራመስ፣ ወንድሜ "ለማጅ" የሚል የተጻፈባትን መኪናውን መንገዱ መሐል አቁሞ ጣሪያዋ ላይ ወጣ።

"ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ከተማ የማንም አይደለችም፤ የራሷ ናት" አለ። "ከንቲባ ከጠፋ ደግሞ እኔ አለሁ።"

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ አጨበጨበ። በዚያው ቀን አልጋዎቹ ወርደው ወደየክፍላቸው ተመለሱ፤ ወላዶቼም ከመሬት ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ምን ቢል የማያምነው አልነበረም።

ማዘጋጃ ቤት ገባ። ጎረቤታችንን ፋርማሲስቱን ምክትል አደረገው፤ ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ አይለያዩም። ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ ማዶ፣ ከጎረቤት አገር፣ ድልድዩን ተሻግረው እንግዶች መጡ። ጫማቸው አቧራ የማይነካው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰዎች ናቸው። ነዳጅ አመጡ፤ ቆይተው ጠመንጃና ጠባቂ አመጡ። ወንድሜን "ክቡር ከንቲባ" ይሉታል። ያን ሲሰማ አንገቱ ቀና ሲል አያለሁ።

እኛ ቤት ራት ሊበላ መጥቶ፣ ባሌ ሆዱ ውስጥ የቆየውን አወጣው።

"ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ድልድዩን ነው፤ አንተን አይደለም።"

ወንድሜ ሳቀና ትከሻውን መታ አደረገው። እንጨት ላይ ወጥቶ ሽቦ መቀጠል ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ ነው አለው። ባሌ የመብራት ሠራተኛ ነው። ምግቡን ቀጠለ።

ዋናው ከተማ መብራት ቆረጠብን። የማዋለጃ ክፍሉ ጄኔሬተር አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ያንቀላፋል፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ልጆች በእናቶቻቸው ደረት ላይ አስረን እናሞቅ ነበር። ባሌ ይህን ሲሰማ ማንንም ሳያስፈቅድ በከተማችን መውጫ ያለውን ኬላ አልፎ ወደ ዋናው ከተማ ሄደ። እዚያ ያሉትን የድሮ የሥራ ባልደረቦቹን ለምኖ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣውን መስመር አስቀጠለ። መብራቱ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እልል አለ። በማግስቱ የእንግዶቹ ጠባቂዎች ባሌን ከቤት ወሰዱት።

ወንድሜ አልሰማም ብዬ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ላስቲካቸው ያልተነሳ አዳዲስ ወንበሮች መሐል ብቻውን ተቀምጧል። ሰምቷል። የፈረመው ራሱ ነው።

"ለትንሽ ቀን ነው" አለኝ። "ከጠላት ጋር ተነጋግሯል ተብሏል። እንግዶቹ ለዘመዱ አዳላ ብለው ዓይናቸውን እንዳይጥሉብኝ ነው።"

"እኔስ፣ ጋሼ?"

"አንቺማ እህቴ ነሽ። ትረጂኛለሽ ብዬ ነው።"

ከሁሉ አንጀቴን የቆረጠው ይኼ ነው። ጠልቶን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንደማንጨክንበት ስላወቀ ነው በእኛ የጀመረው።

በዚያው ሳምንት ልብስ እያጠብኩ ሳለ በመንገዳችን የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና አለፈ። የወንድሜ ድምፅ ነው። ባሌን በስሙ ጠርቶ ከሃዲ አለው። ተማሪ ሲያረጋጋ በነበረበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ ነው የሚናገረው። ጎረቤቶቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ ይመልሱ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ እንግዶቹ ከዋናው ከተማ ጋር ታረቁ። ድልድዩ ለጭነት መኪኖቻቸው ይከፈት፣ እነሱም እጃቸውን ከከተማችን ያንሱ ተባብለው ጨረሱ። ወንድሜ ይህን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፋርማሲስቱ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ድልድዩ ላይ ስብሰባ አለ፣ ክቡር ከንቲባ ይፈለጋሉ አለው። የከረባቱን ቋጠሮ እንኳ ያስተካከለለት እሱ ነው ይላሉ። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ እንግዶቹ ወንድሜን ጨብጠው ፊታቸውን አዞሩ። ከኋላው የዋናው ከተማ ፖሊሶች መጡና ካቴና አጠለቁለት።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቱ ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ያ ሰውዬ ሕዝቡን አታሎ ነበር አለ። ሰው አጨበጨበ። የሥልጠና መኪናዋን መስታወት በድንጋይ አወረዱት። ወር ሳይሞላ የዋናው ከተማ የጭነት መኪኖች ተመልሰው አልጋዎቹን ጭነው ሄዱ፤ የዚያን ጊዜ መንገድ ላይ የወጣ ሰው አልነበረም።

ባሌ ተፈታ። ቀኝ እጁ አልጨብጥ አለው፤ ከዚያ ወዲህ እንጨት ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ወንድሜ ከዓመታት በኋላ ምሕረት ተደርጎለት ወጣና በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። በሩን የከፈተው ባሌ ነው። "ግባ" ብሎት፣ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ወንድሜ ሻዩን ይዞ ተቀመጠና ማውራት ጀመረ። ፋርማሲስቱ በዚያን ቀን እንዴት አቅፎ እንደሳመው፣ እንግዶቹ ምን ቃል ገብተውለት እንደነበር፣ ፍርድ ቤት ማን ማን እንደመሰከረበት አንድ በአንድ ነገረኝ። እያለቀሰ ነው የሚያወራው። እኔም አለቀስኩ፤ ወንድሜ ነዋ። ግን ወሬው አሁን እዚያ ይደርሳል፣ አሁን ይደርሳል እያልኩ ስጠብቅ፣ ሻዩ አለቀ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "የባሌን ነገር መቼ ነው የምታወራው?"

ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እሱን እኮ እነሱ አስገድደውኝ ነው" አለ።

የባሌን አሮጌ ሹራብ አልብሼ፣ ታላቅ ወንድም እንደሚሸኝ እስከ አጥሩ በር ሸኘሁት። አሁን ሌላ ከተማ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። መንጃ ፈቃዱን አልመለሱለትም። አልፎ አልፎ ይደውላል። ጤንነቱን እጠይቀዋለሁ፣ ደህና ነኝ ይለኛል፣ ልጆችሽን ሳሚልኝ ይላል። ባሌ እንዴት ነው ብሎ አይጠይቀኝም። እኔም ና ብዬው አላውቅም።