የቀብድ ጌታ

ወንድሜ አናጺ ነው። እሱ የቤት ዕቃ ይሠራል፣ እኔ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ ወሬ እነዛለሁ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያይተናል፤ ምላሴ ግን ዲግሪ አላት። ሰፈሩ ወንድሜን «ባለሀብቱ» ነው የሚለው። እኔም አምኜ ነበር፣ እጁ ላይ ገንዘብ ጠፍቶ አያውቅማ። ያገኘውን ሁሉ ይጋብዛል። አሮጌ መኪና ገዝቶ ወርክሾፑ በር ላይ ገትሯታል፣ ከሚነዳት የሚወለውላት ይበልጣል።

ነገሩ ሁሉ ቀብድ ነው። አንዱ ሶፋ ያዝዝና ቀብድ ይከፍላል። ወንድሜ በዚያ ቀብድ ቀድሞ ላዘዘው ሰውዬ የቁም ሳጥን እንጨት ይገዛል፣ የተረፈውን እንበላዋለን። የሶፋው ተራ ሲደርስ ሌላ ደንበኛ ቀብዱን ይዞ ከች ይላል። ከመኪናዋ ሌላ የኛ የምንለው አንድ መላጊያ ማሽን ብቻ ነው። ወርክሾፑ ኪራይ፣ ቤቱ ኪራይ፣ እንጨቱ የሰው።

ሚስቱ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ «ደንበኛ ባይመጣ ለስንት ቀን የሚሆን አለን?» አለችው።

«ለምን አይመጣም? ሰው መሬት ላይ ሊተኛ ነው?»

«የጠየቅኩህን መልስልኝ እንጂ።»

«አንቺ ደግሞ ሟርት ትወጃለሽ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሷ ሽንኩርቷን ላጠች።

ከዚያ መንገድ እናሰፋለን ብለው ፊት ለፊታችንን ቆፈሩት። ጉድጓዱ እኔን ከነጫማዬ ይውጣል። ደንበኛ ቀርቶ ድመት እንኳ ዞራ ነው የምታልፈው። ቀብድ ሲቆም እንጨት ቆመ፣ ያዘዙት ሰዎች ግን አልቆሙም፣ በየቀኑ እየመጡ ይጮሁብናል። ወንድሜ መኪናዋን ሸጠ። የገዛት ሰውዬ ሞተሯን ከፍቶ ካየ በኋላ በግማሽ ዋጋ፣ ያውም ውለታ እንደዋለልን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወሰዳት። ገንዘቡ ጯሂዎቹን ዝም አሰኘ፣ ኪራይ ከፈለ፣ አለቀ።

አንዲት ነርስ ቀረች። ልታገባ ነው፣ አልጋ አዛለች። ወንድሜ «ሙሉውን ከከፈልሽ እቀንስልሻለሁ» ብሏት ሙሉውን ከፍላለች። ገንዘቧ ያኔውኑ የዚያች የሸጥናት መኪና ጎማ ሆኗል። ጉድጓዱን በጣውላ ተሻግራ መጣች።

«አልጋዬስ?»

«እየደረቀ ነው» አልኳት እኔ።

«ምኑ?»

«እንጨቱ ነዋ፣ እህቴ። በእርጥቡ ከተሠራ ይጣመማል። ኋላ ባልሽ እየተንከባለለ መሬት ቢያድር እኔን ነው የምትረግሚው።»

«ስለ ባሌ አንተ አታስብ። እንጨቱን አሳየኝ።»

ወርክሾፑ ውስጥ የቀረው እንጨት የመጥረጊያው እጀታ ነው። ዙሪያውን ቃኝታ ማሽኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ቅዳሜ ወንድሜ ፒክአፕ ይዞ ይመጣል። ወይ አልጋዬን ይጭናል፣ ወይ ይሄን» ብላ ሄደች።

ወንድሜ ማሽኑን ዳሰሰው። ማሽኑ ከሄደ የሰው ቤት ቀን ሠራተኛ መሆናችን ነው፣ እሱም ከተገኘ።

ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ የራሱን አልጋ ዞሮ ዞሮ አየው። ሲያገባ በእጁ የሠራው ነው፣ እንጨቱ ብረት ነው።

«ፍራሹን አንሳ» አለኝ።

«ጋሼ፣ የምርህን ነው?»

«አንሳ አልኩህ።»

ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። በሩን ተደግፋ ብሎን ሲፈታ አየችው። «እሱንም?» አለች።

እስከ ቅዳሜ ስፈገፍግ ሰነበትኩ። ትልቁ ልጃቸው በሚስማር የቧጨረውን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩት፣ ቫርኒሽ ደጋግሜ አጠጣሁት። ሲያልቅ አልጋው ራሱ ሙሽራ መሰለ። ማጭበርበር በትምህርት ቤት ቢሰጥ ኖሮ ዛሬ ፕሮፌሰር ነበርኩ።

ነርሷ ቤት ወስደን ገጠምነው። በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ደስ አላት። አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ እዚያው ነበረች። «እኔም ቁርጥ ይሄንኑ ነው የምፈልገው» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች።

የወንድሜን እጅጌ ከኋላ ጎተትኩት። እጁን አስለቀቀኝ።

«ሙሉውን ከከፈልሽ እቀንስልሻለሁ» አላት።

ስንመለስ ሥጋ ገዛ። ሚስቱ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታለች።

«ሥራ መጣ» አላት።

«ገንዘቡ የማን ነው?»

«የኛ ነዋ።»

«እንጨቱስ በምን ይገዛል?»

ቢላዋ ፍለጋ ዞረ። ልትነሳ ሞከረች፣ ሆዷ እምቢ አላት። እኔ በአንድ እጇ፣ እሱ በሌላው ይዘን አነሳናት። ላብ በላብ ሆና ግድግዳውን ተደገፈች።

«አልጋው አማረ?» አለችኝ።

«አማረ» አልኳት።